ባዶውን የጂን ጠርሙስ ማነው የሚገዛው?

ሰሞኑን በካርቲየ 1 ቀለበትም ይሁን ክርስትና፣ ምርቃትም ይሁን ልደት፣ ጂን በሎሚ ካልቀረበ ድግሱ ድግስ አይባልም። ቢራና ውስኪ ብቻ ያቀረበ ሰው ዘመን ያለፈበት ሆኗል። ልጆቻችን ቶም ኮሊንስ፣ ጊምሌት፣ ኔግሮኒ እያሉ የመቶ ዓመት ዕድሜ ያላቸውን መጠጦች ከስልክ ላይ እያነበቡ ይቀምማሉ። እኛ በዚህ ጠብ የለንም። የሐሙዲ መስጊድ አዛን በሚሰማበት ከተማ የጎረቤቱን ክብር ጠብቆ፣ በቤቱ፣ በልኩ የሚጠጣ ሰው የራሱ ጉዳይ ነው። የእኛ ጥያቄ ከብርጭቆው በፊት ያለው ነው። ጂኑ ከየት መጣ? ጠርሙሱን ማን ሞላው?

ከበዓል ማግሥት ባዶ ጠርሙስ ፈላጊ በየበሩ ይመጣል። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ያደግን ሁሉ ቆራሌውን እናውቀዋለን፤ የሰበሰበው ዕቃ መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ ሌላ ሥራ እንደሚይዝም እናውቃለን። ጠርሙስ ዘይት ይያዝበታል፣ ማር ይያዝበታል፣ ጠጅ ይቀዳበታል። በዚህ ማንም አይታማም። ግን አንድ ነገር ንገሩን፦ ኤቲኬቱ ያልተላጠ፣ ቆርኪው ያልጠፋ የውጭ አገር ጂን ጠርሙስ ከሌላው ባዶ ጠርሙስ ይልቅ ለምን ይወደዳል? ዘይት የሚይዝበት ሰው ኤቲኬት አይመርጥም። ማር የሚይዝበት ሰው ‹‹ካርቶኑም አለሽ?›› ብሎ አይጠይቅም። ካርቶኑን የሚጠይቅ ሰው ምን ሊሠራበት እንደሆነ የማናውቅ አስመስለን ሳንቲሙን መቀበል ይብቃን።

ጂን ለዚህ ሥራ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ውስኪ ቀለም አለው፤ በርሜል ውስጥ ዓመታት ተኝቶ የወሰደውን ጣዕም ማስመሰል ይከብዳል። ጂን ግን መልኩ እንደ ውሃ ነው። ጠንካራ ንጹህ አልኮል በጁኒፐር ፍሬና በሌሎች ቅመሞች ሲሸት ጂን ይባላል፤ የሚያስፈልገው ማረፊያ ዘመን የለም። ስለዚህ አታላዩ ርካሽ አልኮል፣ ውሃና ጥቂት ጠብታ የሽታ ማጣፈጫ ይዞ በአንድ ሌሊት ‹‹የለንደን ጂን›› ያወጣል። (በነገራችን ላይ፣ ጁኒፐር የጽድ ዘመድ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጥራችን የምናየው የሐበሻ ጽድ ግን ዝርያው ሌላ ነው። ፍሬውን ለቅሞ አረቄ ውስጥ ዘፍዝፎ ‹‹የአገር ጂን›› የሚላችሁ ካለ አትቅመሱለት።)

አሁን ደግሞ ኮክቴሉ መጣለት። ኮክቴል ለአታላይ ምን ያህል እንደሚመች ታሪኩ ራሱ ይናገራል። አሜሪካ በፈረንጆቹ 1920 መጠጥ ከለከለች፤ ክልከላው እስከ 1933 ቆየ። በእነዚያ ዓመታት ሰው በየጓዳው ጂን እየቀመመ ይሸጥ ነበር። ጂን፣ ሎሚና ማር የሚገቡበት ‹‹ቢዝ ኒዝ›› የሚባለው መጠጥ ስሙ ከዚያ ዘመን ጋር ተያይዞ የሚነሳው ማሩና ሎሚው የመጥፎውን ጂን ሽታ ስለሚሸፍኑ ነው ይባላል። የዚያ ዘመን አሳዛኙ ገጽ ግን ከመጠጥ አዘገጃጀት ጋር አብሮ አይተላለፍም። የአሜሪካ መንግሥት ለፋብሪካ የሚውለው አልኮል እንዳይጠጣ ሜታኖል እንዲጨመርበት ያደርግ ነበር፤ ሕገ ወጥ ነጋዴዎች ያንኑ አልኮል አጣራን ብለው ሸጡት። በ1926 የገና ሰሞን ኒው ዮርክ ውስጥ ሰዎች በበዓል መጠጥ ተመርዘው ሞቱ። ያ የሆነው ሎሚና ስኳር ስላነሰው አልነበረም።

ነገሩ የድሮ ብቻ ቢሆን ዝም ባልን ነበር። ቼክ ሪፐብሊክ በመስከረም 2012 ከ20 በመቶ በላይ አልኮል ያለውን መጠጥ ሽያጭ በመላ አገሪቱ ያገደችው በሜታኖል የተበከለ መጠጥ ዜጎቿን ስለገደለ ነው። በኅዳር 2024 ላኦስ ውስጥ ቫንግ ቪየንግ በምትባል የቱሪስት ከተማ ስድስት የውጭ አገር ሰዎች በተመሳሳይ መንገድ ሞተዋል። እነዚህ አገሮች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አላቸው። ከጋላፊ ኬላ ወዲህና ወዲያ ያለ ደረሰኝ በጆንያ ተጠቅልሎ የሚያልፈውን ጠርሙስ ማን መረመረው?

ሜታኖል ምን እንደሚያደርግ በግልጽ እንናገር፤ ሳናውቅ መሸጥም መጠጣትም አይገባንምና። ጣዕሙም ሽታውም ከሚጠጣው አልኮል እምብዛም አይለይም። በማንኪያ አቀጣጥሎ እሳቱን የሚያይ ሰው አለ፤ ከንቱ ልፋት ነው፤ ከሌላ አልኮል ጋር ሲደባለቅ ነበልባሉ አይነግርህም። ሰውነት ሜታኖልን ሲያፈርሰው ፎርሚክ አሲድ የሚባል መርዝ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ በተለይ የዓይንን ነርቭ ያጠቃል። ተንኮሉ መዘግየቱ ነው። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ነው፤ ከደህና አልኮል ጋር ተደባልቆ ከተጠጣም የበለጠ ይዘገያል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ሕመም፣ ትንፋሽ መፍጠን፣ ከዚያ ዓይን ላይ ጭጋግ። አሁን ይህን ጂቡቲ ላይ አስቡት። ካምሲን በሚነፍስበት ሐምሌ፣ መብራት በሚጠፋበት ሌሊት፣ ራሱን ያመመው ሰው ምን ይላል? ‹‹ሙቀቱ ነው›› ይላል። ‹‹የትናንቱ ስካር ነው›› ይላል። ውሃ ጠጥቶ ይተኛል። መድኃኒቱ ደግሞ ሆስፒታል ነው፤ ፎሜፒዞል ወይም በሐኪም እጅ የሚሰጥ ኤታኖል፣ ሲብስም ደምን በማሽን ማጠብ። እያንዳንዱ የጠፋ ሰዓት ዓይን ያሳጣል። ከጠጣ በማግሥቱ ‹‹ዓይኔ ጭጋግ ሆነብኝ›› ያለ ሰው ካለ ቡናም አይፈላለት፣ ሎሚም አይጨመቅለት፤ ያኔውኑ ይወሰድ፤ ጠርሙሱም አብሮ ይያዝ።

መልስ የሚሰጡን እንዳሉ እናውቃለን። የመጀመሪያው ‹‹እናቶቻችን አረቄ ሲያወጡ ኖረው ማንን ገደሉ?›› የሚለው ነው። እኛ ስለ አረቄ አልተናገርንም። የባልትና እጇን የምናውቃት ሴት አረቄዋን አረቄ ብላ ትሸጣለች፤ ደጃፏን እናውቀዋለን፤ ነገር ቢበላሽ ነገ ጠዋት እሷው ጋ እንሄዳለን። ብዙ ሰው የሚጨርሰው መርዝም በአብዛኛው ከፋብሪካ ሜታኖል የሚመጣ ነው እንጂ ከእናቶች ጋን አይደለም። የሐሰት ጂን የሚሞላው ሰው ግን ደጃፍ የለውም። የለንደን ኤቲኬት ጀርባ ተደብቋል፤ ተጠያቂ ሆና ፊት ለፊት የቆመችው ቸርቻሪዋ ናት።

ሁለተኛው መልስ ገንዘብ ነው፤ ‹‹እውነተኛውን ድሃ አይችለውም›› ይባላል። በንግድ ትምህርት የተማርነውን ሒሳብ እንሥራበት። አንድ ጠርሙስ 700 ሚሊ ሊትር ነው። ለአንድ ብርጭቆ 60 ሚሊ ሊትር ከተቀዳ 11 ሙሉ ብርጭቆ ይወጣል። እንበልና አጠራጣሪው ጠርሙስ ከታሸገው በ1,200 ፍራንክ ይረክሳል። ለ11 ሲካፈል በብርጭቆ 110 ፍራንክ እንኳ አይሞላም። ለእንግዳ ዓይን የተከፈለ ዋጋ ይሄ ነው። ገንዘቡ ካጠረ ደግሞ 60 የነበረውን 40 ማድረግ፣ ሎሚና ሶዳ መጨመር ይቻላል፤ ከአንዱ ጠርሙስ 17 ብርጭቆ ይወጣል፤ እንግዳውም በእግሩ ይሄዳል። ያም ካልተቻለ ብርዝ አለ፣ ቡና አለ። ጂን ያላቀረበን ሰው ማንም ከዕድር አያስወጣውም።

ሦስተኛው መልስ ‹‹እኔ ባልሸጠው ሌላው ይሸጠዋል›› ነው። ይሸጠዋ! ሌላው ይሽጠው። እኛ ሴቶች በዚህ ኮሪደር ላይ ስማችንን ያተረፍነው በብድር ዕቃ ወስደን በቀኑ በመክፈል ነው። ድሬዳዋ ያለ ጅምላ ሻጭ በስልክ ቃላችን ብቻ ጭነት ይልካል። የአንድ ቤት ሰው በእኛ እጅ ባለፈ ጠርሙስ ዓይኑ ቢጠፋ፣ የሚጠፋው የአንዲት ሴት ስም ብቻ አይሆንም፤ ‹‹የሐበሻ ነጋዴ›› ተብሎ ሁላችንም ላይ ይለጠፋል። በሰው አገር፣ መጠጥ በሚነቀፍበት ማኅበረሰብ መሀል፣ ያን ስም ማን ያጥበዋል?

ስለዚህ የምንጠይቀው ይሄ ነው። የጂን ጠርሙስ ሲያልቅ ኤቲኬቱ ይላጥ፣ ቆርኪው በመዶሻ ይደቅደቅ፣ ካርቶኑ ይቀደድ። ባዶው ከዚያ በኋላ ለፈለገ ይሰጥ፤ ዘይት ይያዝበት። ከሱቅ ስትገዙ ደረሰኝ ተቀበሉ። ማኅተሙ የላላ፣ ኤቲኬቱ ጠማማ የተለጠፈ፣ የፈሳሹ ልክ ከወንድሞቹ የተለየ ጠርሙስ ‹‹አዲስ ዕቃ ነው›› ቢባልም አይገዛ። ታሽጎም የሚመሰል አለ፤ እናውቃለን፤ ደረሰኙ የሚያስፈልገው ለዚያ ነው። ጭነት ላይ ‹‹ይቺን አንድ ካርቶን ብቻ ያዢልኝ›› የሚል ደላላ ሲመጣ ወረቀቱን ጠይቁት።

መቀመም ለሚወዱም ምክር አለን፦ ከማያውቁት ጂን ጋር ማርና ሎሚ ያለበትን መጠጥ አይሥሩ። ጂኑን መጀመሪያ ለብቻው በበረዶ ቅመሱት፤ የቀለም ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ዓይነት ሽታ ካለው ይደፋ። ይህ ግን ሜታኖልን አይለይም፤ የሚለየው ቸልተኛ ቀማሚን ብቻ ነው። ከምታምኑት ሱቅ፣ ማኅተሙ ካልተነካ ጠርሙስ ከሆነ ግን እነሆ ቶም ኮሊንስ፤ የጄሪ ቶማስ የመጠጥ መጽሐፍ በ1876 እትሙ ያወጣው ነው። በረጅም ብርጭቆ በረዶ ሙሉ፤ 50 ጂን፣ 20 የሎሚ ጭማቂ፣ 20 የስኳር ሽሮፕ፤ በላዩ አምቦ ውሃ፤ አምቦ ከጠፋ ሶዳ። የፈረንጅ መጽሐፍ ሎሚውን 30 ይላል፤ የእነሱ ትልቁ ሎሚ ነውና የእኛን ትንሿን ሎሚ በዚያ ልክ ብትጨምቁ ጥርስ ታስነክሳለች።

ፈርኔት ለሚወዱ ደግሞ ሃንኪ ፓንኪ አለ። የፈጠረችው ከ1903 ጀምሮ በለንደን ሳቮይ ሆቴል የቡና ቤቱ ዋና ቀማሚ የነበረችው አዳ ኮልማን ናት፤ ሴት ናት፣ ደንበኞቿም ሁሉ ያከብሯት ነበር። 45 ጂን፣ 45 ጣፋጭ ቀይ ቨርሙት፣ ሁለት ጠብታ ፈርኔት፤ በበረዶ ተማስሎ ተጣርቶ ይቀርባል። ፈርኔቱ አዲስ አበባ ድሮም የሚታወቅ ነው። ጠርሙሱ ሲያልቅ መዶሻውን አትርሱ።