የማይነዝር ሽቦ

በኤሌክትሪክ ምህንድስና «ዝቅተኛ ቮልቴጅ» የሚለው ስያሜ እስከ 1000 ቮልት የሚደርሰውን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚያጠቃልል በመሆኑ፣ ሰው የሚገድለው የቤት 220 ቮልት ራሱ በዚሁ መደብ ይካተታል። በግቢ ሣርና አበባ መካከል የሚተከሉት የ12 ቮልት መብራቶች ግን የሚመደቡት ከ50 ቮልት በማይበልጠው፣ «እጅግ ዝቅተኛ» በሚባለው ክልል ነው። ለ220 ቮልቱ ተገቢውን ጥንቃቄ የሚያደርግ ሰው የ12 ቮልቱን ሽቦ «ይህ አይነዝርም» ብሎ በጣቱ ጠምዝዞ፣ በናስትሮ ጠቅልሎ አፈር ያለብሰዋል። አባባሉ እውነት ነው፤ ከአባባሉ የሚወጣው ድምዳሜ ግን ስሕተት ነው። ቮልቴጁ ሲወርድ አደጋው ከሰው እጅ ወደ ሽቦው መጋጠሚያ ይዛወራል እንጂ አይጠፋም።

ነገሩ በስሌት ይታያል። በድምሩ 60 ዋት የሚወስዱ መብራቶች በ220 ቮልት 0.27 አምፔር ሲስቡ፣ በ12 ቮልት 5 አምፔር ይስባሉ፤ አምፔር በሽቦው የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያ ነው። በመጋጠሚያ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት የሚያድገው ፍሰቱ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ልክ ስለሆነ፣ ያው መጋጠሚያ ያንኑ 60 ዋት ሲያሳልፍ በ12 ቮልት የሚያመነጨው ሙቀት በ220 ቮልት ከሚያመነጨው ከ330 እጥፍ በላይ ይሆናል። የላላ መጋጠሚያ ተቃውሞ፣ ማለትም ፍሰቱን የሚያግድበት መጠን፣ 0.1 ኦም ብቻ ቢሆን 2.5 ዋት ሙቀት የጣት ጫፍ በምታህል ስፍራ ይከማቻል፤ የተለመደው የሽቦ ፕላስቲክ ልባስ ደግሞ የተሠራው በዘላቂነት ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማያልፍ ሙቀት ነው። ከሁሉ የሚከፋው፣ ብሬከሩ ይህን አለማየቱ ነው። ብሬከር የሚወድቀው ፍሰቱ ሲበዛ ሲሆን፣ የተበላሸ መጋጠሚያ ግን ፍሰቱን ይቀንሰዋል።

ናስትሮም የተሠራው በደረቅ ስፍራ ሽቦን ለመሸፈን እንጂ ውኃ ለማቆም አይደለም። በክረምት ርጥበቱ በጥቅሉ ክፍተት ገብቶ፣ ላምባ በኩራዝ ፈትል እንደሚወጣ ሁሉ፣ በመዳብ ክሮቹ መካከል ወደ ውስጥ ይሳባል፤ መዳቡም ይጠቁራል፣ ውሎ አድሮ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። በርካሽ ከሚሸጡት ሽቦዎች አንዳንዶቹ በስሱ መዳብ የለበሱ አሉሚኒየም ናቸው፤ ሁለቱ ብረቶች በርጥበት ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ቶሎ ይበላል። ቦሌን በመሰሉ የአዲስ አበባ ሰፈሮች የሚገኘው ጥቁር አፈር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ በመካከሉም የተቀበረውን ሽቦ ይጎትታል።

መጋጠሚያውን በትክክል የማደሱ ሥራ የሚጀመረው ትራንስፎርመሩን ከ220 ቮልቱ በመንቀል ነው፤ ትራንስፎርመሩም ሁለቱ የሽቦ ጥቅልሎቹ በጭራሽ የማይነካኩ ዓይነት ካልሆነ «አይነዝርም» የሚለው ራሱ ዋስትና የለውም። የጠቆረው ጫፍ የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪታይ ድረስ ይቆረጣል፤ ሁለቱ ጫፎች በልካቸው በተመረጠ የመዳብ ቱቦ ውስጥ ገብተው በመጭመቂያ ፒንሳ ይጨመቃሉ፤ ከዚያም ተጎትተው ይፈተናሉ። በላዩም፣ ውስጡ ሙጫ ያለው፣ ሲሞቅ የሚኮማተር የፕላስቲክ ቱቦ የሁለቱንም ወገን ልባስ እስኪያቅፍ ድረስ ይለበሳል። ይህ ቱቦ ጫፎቹ ከመጨመቃቸው በፊት በሽቦው ላይ መጠለቅ እንዳለበት ብዙዎች ትዝ የሚላቸው ከጨመቁ በኋላ ነው። በጥቁር አፈር ላይ ጥቂት ትርፍ ሽቦ አጥፎ መተው ጉተታውን ያቀልላል፤ ቢቻል ግን መጋጠሚያው ከመሬት በላይ፣ ውኃ በማያስገባ ሳጥን ውስጥ መሆኑ ይመረጣል።

ቀድሞ የተቀበረውን ለመመርመር መፈተሻ ካቻቢቴ አይረዳም፤ በ12 ቮልት አይበራምና። የሚያስፈልገው ማልቲሜትር ነው። 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ በ30 ሜትር ርቀት 5 አምፔር ሲያደርስ፣ ደርሶ መልሱ ተቆጥሮ፣ ራሱ ሽቦው 2.1 ቮልት ያህል ስለሚበላ፣ በመጨረሻው መብራት ላይ ወደ 9.9 ቮልት መነበብ አለበት። በዚያው 5 አምፔር ንባቡ 8 ቮልት ከሆነ፣ ከ9.9 ቮልቱ የጎደለው በ5 አምፔር ሲባዛ ወደ 10 ዋት የሚጠጋ ሙቀት አንድ ቦታ ላይ እየባከነ ነው ማለት ነው፤ ቁፋሮውም ናስትሮ ከተጠቀለለበት ስፍራ ይጀመራል።