የጅዳ መርጃን እና ሙቀቱ

በመካ ሐረም በራሱ የበቀለን ዛፍ መቁረጥና አውሬ ማደን ክልክል መሆኑን ሐጅ ያደረገ ሁሉ ያውቃል። ክልከላው የሰውን እጅ ይመልሳል፤ ሙቀትን ግን አይመልስም። ሙቀቱ ያደረሰውን ለማየት ወደ ጅዳ መውረድ ይበቃል። የአል-በለድ ጥንታዊ ቤቶች የታነጹት ከቀይ ባሕር መርጃን ነው፤ ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ፣ ከጅዳ በስተሰሜን በቱወል አቅራቢያ ያለው መርጃን በውስጡ እየኖሩ የሚመግቡትን ረቂቅ አልጌዎች አጥቶ ነጣ፤ ለዳርቻው የቀረበው ክፉኛ ተጎዳ። የሰሜኑ የዐቀባ መርጃን ሙቀት የሚችለው፣ ተመራማሪዎች እንደሚሉት፣ አያቶቹ በሺህ ዓመታት ውስጥ በደቡቡ በባብ አል-መንደብ ሙቅ ውሃ ተፈትነው ስላለፉ ነው። የዛሬው ሙቀት ያን ያህል ፋታ አይሰጥም። ስለዚህ ከሙቀቱ የተረፈውን በፍሳሽና ባሕርን በአፈር በመሙላት መጨረስ ሊከለከል ይገባል፤ ቻይነቱን ለዘሩ የሚያወርሰው እርሱ ነውና።