ከጦሳ ፊት ለፊት

ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንደወጣ፣ ደሴ በሚገኘው የወላጆቼ ግቢ ቤተሰቡ ከዐስር ሶላት በኋላ ተሰብስቦ ቡና የሚጠጣበት መቀመጫ ለመሥራት ተነሣን። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ በስተምዕራቧ የጦሳ ተራራ የቆመባት ከተማ ናት። እኔም ተራራው ወለል ብሎ የሚታይበትን የግቢውን ጠርዝ መርጬ የመደቡን የመጀመሪያ ረድፍ ድንጋይ ደረደርኩ።

እናቴ ቆማ አየችና፣ «ልጄ፣ ከዚህ ሆኖ ጦሳ ይታያል፤ የጎረቤቶቻችን ጓሮም ይታያል። ሴቶቹ ተገልጠው ልብስ ሲያጥቡ ወዴት ይግቡልህ?» አለችኝ።

የሁለት ቀን ድካሜ ነበርና ከፋኝ። ሆኖም የጎረቤትን ገመና መጠበቅ ሐቅ መሆኑን ለተማሪዎቼ የማስተምረው እኔው ነኝ። ድንጋዩን አፍርሼ መደቡን አራት ሜትር ያህል ወደ ቤቱ ግድግዳ አስጠጋሁት። በጠርዙ ላይም ቁመቱ 1 ሜትር ከ50 የሆነ የቀርክሃ አጥር አቆምን። አሁን የተቀመጠ ሰው ተራራውን እንጂ ጓሮውን አያይም።

እንዲህ ያለ መቀመጫ ለመሥራት ለምታስቡ፣ በሥራው የተማርነውን ላካፍላችሁ። መደቡ ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው ለአረጋውያንም ይመቻል። በበጋ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምዕራብ ወደ ደቡብ ጋደል ብላ ስለሆነ፣ ፊቱን ጥቂት ወደ ሰሜን ብታዞሩት ዓይን አትወጋም። ወለሉ በየሜትሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከቤቱ ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ፤ አለዚያ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ግድግዳውን ይበላዋል። የጥላው ባሕር ዛፍ እግር አፈር ውስጥ ከሚቀበር ይልቅ ድንጋይ ላይ ቢቆም ቶሎ አይበሰብስም። የደሴ ምሽት ብርድ ነውና ለመደቡ አጎዛ፣ ለትከሻ ጋቢ አዘጋጁ። ከሰሉን ግን ብርድ በረታ ብላችሁ ወደ ተዘጋ ክፍል አታስገቡት፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ሥራው ባለቀ ዕለት እናቴ አስቀድማ የጠራችው እነዚያኑ ጎረቤቶቻችንን ነበር። ሴትዮዋ አጥሩን አይታ ምንም አላለችም፤ በማግስቱ ግን ቡናውን ቆልታ ይዛ መጣች። ከዚያ ወዲህ አቦሉን እኛ፣ በረካውን እነርሱ ያፈላሉ።

የወር ሰው ይበለን።