የምስክሩ ቃል ይበቃል

ጀርመን ተወልዶ በስደት ስዊድን የኖረው ጸሐፌ ተውኔት ፒተር ቫይስ «ምርመራው» በተሰኘው ሥራው ተከሳሾቹን በእውነተኛ ስማቸው ይጠራቸዋል። ለምስክሮቹ ግን ስም አልሰጣቸውም፤ አንደኛ ምስክር፣ ሁለተኛ ምስክር እያለ በቁጥር ብቻ ያናግራቸዋል። መጀመሪያ ለሚሰማው ይህ ሌላ ግፍ ይመስላል። ነገር ግን የናዚዎቹ ማጎሪያ ካምፕ አውሽዊትዝ የእስረኞቹን ስም ቀምቶ ክንዳቸው ላይ ቁጥር ነቅሶ ነበር። ከአሳሪዎቹ ብዙዎቹ ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ ስማቸውን እንደያዙ ወደ ንግዳቸውና ወደ ቢሯቸው ተመልሰው ተከብረው ኖረዋል። ቫይስ የሆነውን እንደሆነ መድረክ ላይ አቆመው።

ቃሉም የራሱ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1963 መጨረሻ እስከ ነሐሴ 1965 ፍራንክፈርት ላይ የካምፑ ሹማምንትና ጠባቂዎች ሲዳኙ ችሎት ገብቶ አዳምጧል። የሰማውን መርጦና አሳጥሮ በስንኝ ከፋፈለው። ፍርዱ በተሰጠ በሁለተኛው ወር ተውኔቱ በአንድ ምሽት ምሥራቅና ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ከአሥር በላይ መድረኮች ላይ ታየ። በግንብ የተለያየ ሕዝብ በዚያ ምሽት አንድ ነገር አዳመጠ።

ጅራፍ የለም፤ እሾሃማ ሽቦ የለም፤ የሚጮኽ ሰውም የለም። ምስክሩ ሲናገር ግን ተከሳሾቹ ይስቃሉ፤ የሚያመው ሳቃቸው ነው። ስለ ፖለቲካ ግድያ የሚሠራ ዘጋቢ ቴአትር ሁሉ ከዚህ ቢማር ብዬ አጥብቄ እመኛለሁ። ግርፋት መድረክ ላይ ሲተወን ተመልካቹ ሳያስበው ትወናውን መመዘን ይጀምራል፤ ተዋናዩ ጎበዝ ነው፣ አለቃቀሱ ልብ ይነካል ይላል። የተገረፈው ሰው ከዚያ ውስጥ ይጠፋል።

ሩዋንዳዊው ዶርሲ ሩጋምባ እ.ኤ.አ. በ1994ቱ የዘር ማጥፋት ወላጆቹን ጨምሮ ቤተሰቡ ተጨፍጭፎበታል። እሱ ከሩዋንዳውያን ተዋንያን ጋር ይህንኑ የቫይስን ተውኔት ሠርቶታል። የጀርመን መኮንኖች ስም በሩዋንዳውያን አፍ ሲጠራ አድማጭ ፍራንክፈርትን እየሰማ ኪጋሊን ያያል፤ አንድ ቃል መጨመር አላስፈለገም። ከዚያ በፊት ሩጋምባ የቤልጂየሙ ግሩፖቭ ባዘጋጀው «ሩዋንዳ 94» ውስጥ ተጫውቷል። ያ ሥራ ስድስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። የሚጀምረው ዮላንድ ሙካጋሳና የተባለች ነርስ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ባሏንና ሦስት ልጆቿን እንዴት እንዳጣች ስትናገር ነው። ተዋናይት አይደለችም፤ የምትናገረው የራሷን ነው።

እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ አለ። የተረፈ ሰው ቁስሉን በየምሽቱ ሕዝብ ፊት ይግለጥ ማለት ተገቢ ነው? በደቡብ አፍሪካ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ዘመን ከአፓርታይድ ግፍ የተረፉ ሰዎች የራሳቸውን ታሪክ መድረክ ላይ ይናገሩ ነበር። ከመካከላቸው ሞት ተፈርዶበት ዓመታት የቆየ ሰው አንድ ጊዜ ቃሉ ጠፍቶበት ሲደናገር ማየቱን ሠዓሊውና አዘጋጁ ዊሊያም ኬንትሪጅ ጽፏል። የራሱን ታሪክ ሰው እንዴት ይረሳል? እኔ ግን ከዚያ መደናገር የበለጠ ምስክርነት አላውቅም። ሰውዬው ትናንት የተናገረውን ለመድገም ሲታገል ነበር የታየው።

ኬንትሪጅ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1997 «ኡቡ እና የእውነት ኮሚሽን»ን ሲያዘጋጅ ሌላ መንገድ መረጠ። ጽሑፉ የጄን ቴይለር ነው። ገዳዩን ኡቡን ሰው ይጫወተዋል፤ ምስክሮቹ ከእንጨት የተጠረቡ አሻንጉሊቶች ናቸው፤ የሚያንቀሳቅሷቸው ሰዎችም አይደበቁም። ተዋናይ «እኔ ነኝ የተበደልኩት» ብሎ አያስመስልም። አሻንጉሊቱ ቃሉን ተሸክሞ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ አይልም። ማስረጃ የሚውጥ አዞም አለ። አፉን ሲከፍት ወረቀቱ ይገባል። የሰነድ ማጥፋትን ነገር በዚህ ልክ ግልጽ አድርጎ ያሳየኝ የለም።

ወደ እኛ ልምጣ። ደርግ መድረክ ምን እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን ሕዝብ ፊት ከሰከሰ። ከዚያ በኋላ አስከሬን መንገድ ዳር ተጣለ፤ አላፊ አግዳሚው እንዲያነብ ጽሑፍ ተለጠፈበት። የልጃቸውን ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ወላጆች አሉ። ማልቀስ ተከለከለ። ድንኳን ተክሎ፣ እድሩ ተጠርቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ለሚያለቅስ ሕዝብ ይህ ሁለተኛ ግድያ ነው። ሙሾ አውራጅ ሟቹን በስሙ ትጠራለች፣ የዋለበትን ትዘረዝራለች፣ አሟሟቱን ትናገራለች። ዘጋቢ ቴአትር ከእሷ ሥራ ብዙም የራቀ አይመስለኝም። በቀይ ሽብር ዘመን ያ ሙሾ ሳይወርድ ቀረ።

ጽሑፉ ግን አለ። የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት በታኅሣሥ 1987 ተጀምሮ የጥፋተኝነት ፍርዱ የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ምስክር ተሰምቷል፣ ሰነድ ተመርምሯል። ደርግ ስለ ግድያው ደብዳቤ የሚጻጻፍ፣ «እርምጃ ተወስዶበታል» ብሎ ማኅተም የሚመታ መንግሥት ነበርና ወረቀቱ ብዙ ነው። ስለዚያ ዘመን መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»ን ሠርቷል፤ በመስቀል አደባባይ ዳር ሙዚየም ቆሟል። የችሎቱ ቃል ግን የመድረክ ንባብ ሆኖ ከከተማ ከተማ ሲዞር አላየሁም።

ቁስል መቀስቀስ ነው የሚሉኝ አሉ። ፍራቻቸውን አልንቅም። ሞት የተፈረደባቸው ባለሥልጣናት ቅጣታቸው ወደ ዕድሜ ልክ ተለውጦላቸው በ2004 ብዙዎቹ በአመክሮ ወጥተዋል። በየቀበሌው መሣሪያ ይዘው ቤት ለቤት ያሰሱት ደግሞ ከሟች ቤተሰብ ጋር አንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም አንድ እድር ውስጥ ያረጁ ናቸው። ስለዚህም ነው ጩኸት የሌለበት፣ ደም የማይረጭበት ንባብ የምጠይቀው። የተከሳሾቹ መከላከያም ሳይቆረጥ ይነበብ፤ የሟች ቤተሰብ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ አይሆንም ያለ ቤተሰብ ስም አይነሣ። ሁለት ጠረጴዛ፣ ጥቂት ወንበርና በደንብ ማንበብ የሚችሉ ተዋንያን ከተገኙ ብሔራዊ ቴአትርም ሆነ ሀገር ፍቅር ሊሠራው ይችላል።

በ1969 የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ወደ ሰባ ተጠግቷል። ቃሉ በትክክል መነበቡን ከአዳራሹ መካከል ተነሥቶ የሚያርም ምስክር ገና በሕይወት አለ።