መጽሐፉ ተቀየረ፤ ትምህርቱስ?

ጎንደር በዓታ አቋቋም የሚማር የቆሎ ተማሪ ደብተር ይዞ ጥግ ላይ አይቀመጥም። መቋሚያና ጸናጽሉን ይዞ ይቆማል። መምህሩን እያየ በእግሩም፣ በእጁም፣ በድምፁም ይማራል። ከሳተ እዛው ይታረማል፤ አለማወቁን የሚሰማው ዓመቱ ሲያልቅ አይደለም።

አሁን ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት እንምጣ።

በ2015 ዓ.ም. ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ተጀምሯል። ታች ክፍል ላይ አካባቢ ሳይንስ፣ ግብረገብ፣ ክወናና እይታ ጥበባት አሉ። 7ኛና 8ኛ ላይ የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ተጨምሯል። ሐሳቡ ልጁ በጭንቅላቱ ብቻ ሳይሆን በእጁም እየሠራ ይማር ነው። ወረቀቱ ላይ አሪፍ ነው።

ታዲያ ምንድን ነው ችግሩ?

ፈተናው። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና አሁንም ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ነው። ተማሪዎቹን ይዞ የወጣ አስተማሪ ክፍለ ጊዜ ያጣል፤ ያሸመደደው ግን "ጎበዝ አስተማሪ" ይባላል። ስለዚህ ሰሌዳ ማስገልበጡ የስንፍና ጉዳይ አይደለም፤ ሥርዓቱ የሚሸልመው እሱን ስለሆነ ነው።

ሽምደዳው ደግሞ ውጤትም አላመጣም። በ2014 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ መሠረቱ ግን ታች ክፍል ላይ ነው የሚጣለው።

እስቲ አንገረብን አስቡት። ለጎንደር ውኃ የሚሰጠው ግድብ በደለል እየተሞላ ነው። አፈሩ ከየት መጣ? ግድቡ የሚይዘው ውኃ በስንት እጅ ይቀንሳል? ሽቅብ ዛፍ ቢተከልስ? ሳይንስም፣ ሒሳብም፣ ግብረገብም አንድ ላይ። ጀሪካን ይዞ ለሚሰለፍ ልጅ ይሄ ተረት አይደለም።

ደባርቅና ጃናሞራ ያለው ልጅም እንደዛው ነው። በግ እየጠበቀ ያደገ ልጅ ገብስን ውርጭ ሲመታው ያውቃል፤ ዋልያና ጭላዳ የት እንደሚውሉ ያውቃል። ክፍል ሲገባ ግን "የአካባቢን ትርጉም ጻፍ" ይባላል። ያኔ ልጁ የሚማረው አንድ ነገር ነው፦ እሱ የሚያውቀው እውቀት እንዳልሆነ።

"በጦርነት ጊዜ ስለ ማስተማሪያ ዘዴ ማውራት ቅንጦት ነው" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ባለው ግጭት በአማራ ክልል ሚሊዮኖች ከትምህርት ርቀዋል። ግን ጥያቄው ሲመለሱ ነው የሚብሰው። ሁለት ሦስት ዓመት ሲያርስና ሲነግድ የቆየ የ13 ዓመት ልጅ ከትንንሾቹ ጋር ተቀምጦ ሰሌዳ ገልብጥ ከተባለ ስንት ቀን ይቆያል?

መፍትሔው የግድ ብዙ ብር አይጠይቅም። ጸጥታው ጉብኝት ካልፈቀደ ግቢው አለ፦ አንድ መደብ ገብስ፣ ከተቆረጠ የውኃ ፕላስቲክ የተሠራ የዝናብ መለኪያ፣ ስለ ማሳው የሚያስረዳ አንድ ገበሬ። ዋናው ግን ይሄ ሥራ ማርክ ይኑረው። ተከታታይ ምዘና የሚባለው አለ አይደል? ኩዊዝ ብቻ አይሁን። "ፕሮጀክት" ተብሎ ወላጅ የሚገዛው ቻርትም አይሁን።

ፈተናው ካልተቀየረ መጽሐፍ መቀየር የሽፋን ለውጥ ነው።

እናንተስ? ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በእጃችሁ ሠርታችሁ የተማራችሁት አንድ ነገር ምንድን ነው?