ዐሥር ጨዋታ በአንድ ቲኬት
ቅዳሜ ማምሻውን ደብረ ማርቆስ ውስጥ በስፖርት ውርርድ ቤቶች ደጃፍ ያለፈ ሰው «አንድ ጨዋታ አቃጠለኝ!» የሚል ወጣት አያጣም። እኔን የሚያንገበግበኝ ስሌቱን የነገረው ሰው አለመኖሩ ነው። 1.50 ኦድ (ቢሳካ የተወራረዱበት ብር የሚባዛበት ቁጥር) የተሰጠው ጨዋታ ከ3 ጊዜ 2ቱን ይሳካል ብንል እንኳ፣ እንዲህ ያሉ 10 ጨዋታዎች በአንድ ቲኬት ሁሉም የመሳካት ዕድላቸው ከ100 2 አይሞላም። አወራራጁ ደግሞ ኦዱን ሲያወጣ የራሱን ድርሻ አስቀድሞ ቆርጧል፤ ጨዋታ በደረደርን ቁጥር ያ ድርሻ ይደራረባል። ወላጅ ጤፍ ሸጦ ለተማሪ ልጁ የላከው ብር በዚህ መንገድ ማለቅ አልነበረበትም። ወንድሜ፣ መጫወትህ ካልቀረ የቤት ኪራይህንና እቁብህን አስቀድመህ ክፈል፤ ቢጠፋ የማይጎዳህን ብር ብቻ ያዝ፤ ጨዋታ አታብዛ፤ የተበላኸውን ለማስመለስ ብለህ ከቶ አትበደር።