የክረምቱን ስንቅ በመኸር ወራት ስለ ማሰናዳት

የመኸሩ እህል ታጭዶና ተወቅቶ ወደ ገበያ በሚወርድበት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ወራት ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ገበሬው ዘሩን በትኖ ሰማይ ሰማይ በሚያይበት ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ወራት ደግሞ ከፍ ይላል። ይህን የማያውቅ ሰው በአገሩ የለም። ዳሩ ግን በርካሹ ወራት የሚሸጠው ድኻው ገበሬ ነው፤ በውዱ ወራት የሚገዛውም ራሱ ድኻው ገበሬ፥ ከእርሱም ጋራ የከተማው የቀን ሠራተኛ ነው። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት ወደ ማን ኪስ እንደሚገባ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያሻም።

ስንቅ አስቀድሞ ይሰናዳ በተባለ ጊዜ ከሁሉ በፊት የሚቀርበው መልስ፥ «ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ሰው ምን ተርፎት ያከማቻል?» የሚል ነው። መልሱ እውነት አለበት፤ ለባዶ ቤት ስለ ቍጠባ መስበክ ለሰባኪው ብቻ ይቀላልና። ነገር ግን እጅግ ድኻ የሆነው ቤት እንኳ በዓመት ውስጥ ጥቂት ገንዘብ የሚያገኝበት ወራት አለው፤ ገበሬው ምርቱን ሲሸጥ፥ የቀን ሠራተኛው በበጋ የግንባታ ሥራ ሲበዛለት፥ ባልቴቷም የዕቁቧ ዕጣ ሲወጣላት። ዋናው ነገር ያ ጥቂት ገንዘብ በምን መልክ ቢቀመጥ እስከ ነሐሴ ይደርሳል የሚለው ነው። በብር መልክ የተቀመጠ እንደ ሆነ ለድግስ፥ ለተዝካር፥ ለዘመድ ብድር መውጣቱ አይቀርም፤ የዕቃም ዋጋ በናረ መጠን ዐቅሙ ይመነምናል። በእህል መልክ የተቀመጠው ግን፥ ነቀዝና አይጥ ካልደረሱበት፥ የሚበላ ሆኖ ይቈያል።

በ1965 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረሀብ ስለዚሁ ጕዳይ ብርቱ ትምህርት ትቶ አልፏል። የኤኮኖሚው ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳመለከቱት፥ በዚያ ዘመን በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር። ሕዝቡ ያለቀው ምርቱን ባጣበት ዓመት መግዣውንም አብሮ በማጣቱ ነው፤ ዝናም ሲጠፋ የሚደርቀው እርሻው ብቻ አይደለምና። እርግጥ ነው፥ በአንድ ቤት የተቀመጠ የአንድ ወር ስንቅ እንዲህ ያለውን ታላቅ ጥፋት ሊመልስ አይችልም፤ ይህን ተስፋ የሚሰጥ ቢኖር ሕዝቡን ያታልላል። በየዓመቱ የሚመጣውን የክረምት ችጋር ግን ሊያቀልለው ይችላል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ካሎሪ እንደሚያስፈልገው የዓለም የምግብ ፕሮግራም ለዕርዳታ ሥራው ይገምታል። ግማሽ ኪሎ እህል ከዚህ ውስጥ አብዛኛውን ይሸፍናል፤ ይኸውም ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ፥ አምስት ነፍስ ላለበት ቤት 75 ኪሎ መሆኑ ነው። ከኅዳር 1 ቀን እስከ መጋቢት 30 ቀን ድረስ 150 ቀን፥ ማለት ሃያ አንድ ሳምንት ያህል አለ። ስለዚህ ከዕለት ቀለቡ በላይ በየሳምንቱ ሦስት ኪሎ ተኩል የሚያስቀር ቤተ ሰብ፥ የአንድ ወር ቀለብ ይዞ ክረምቱን ይቀበላል። ይህም የማይቻለው ብዙ ነው። በሳምንት አንድ ኪሎ ብቻ ያስቀረ ሰው 21 ኪሎ ይኖረዋል፤ ለአምስት ሰው የስምንት ቀን ቀለብ ነው። በነሐሴ ጭቃ ሥራ ላጣ የቀን ሠራተኛ ስምንት ቀን ጥቂት አይደለም።

ሌላው ጕዳት በጣሳ መግዛት ነው። በጣሳ የሚገዛው ድኻ በኩንታል ከሚገዛው ባለጠጋ ይልቅ ለአንዱ ኪሎ የበለጠ ይከፍላል። አምስት ጎረቤቶች በዕቁብ መልክ ገንዘባቸውን አዋጥተው አንድ ኩንታል ከእህል በረንዳ ቢገዙና በሚዛን ቢካፈሉ ይህ ልዩነት ይቀርላቸዋል። ዕቁብና ዕድር ባለበት አገር ለዚህ አዲስ ማኅበር ማቋቋም አያስፈልግም።

ምን ይገዛ ለሚለው፥ ጤፍ ቅንጣቱ ከማነሱ የተነሣ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ዋጋውን ግን ድኻ አይደፍረውም። ማሽላና በቆሎ ይረክሳሉ፤ በቆሎ ግን ከሁሉ ይልቅ ለነቀዝ የተጋለጠ ነው። አንዳንድ ገበሬዎች ማሽላውን ከጤፍ ጋራ ቀላቅለው ያስቀምጣሉ፤ ደቃቁ ጤፍ በቅንጣቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላው ነቀዙ መላወሻ ያጣል፤ በኋላም በወንፊት ይለያል። ከአራት እጅ እህል ጋራ አንድ እጅ አተር፥ ባቄላ ወይም ሽምብራ ቢጨመር ለሰውነት ግንባታ ይረዳል። ጥራጥሬውን ከክኮ ማስቀመጥ የሚሻል መሆኑን የባልትና ዐዋቂ እናቶች ከጥንት ያውቁታል፤ ትሉ በክኩ ላይ እንደ ድፍኑ አይራባምና። እህሉ ግን በዱቄት ሳይሆን በፍሬው ይቀመጥ፤ ዱቄት ቶሎ ይሻግታል። ጨው ርካሽ ነው፥ አይበላሽም፤ አዮዲን ያለበት ከሆነ ግን ተከድኖ ከእርጥበት ይጠበቅ። በርበሬ በሚገባ ያልደረቀ እንደ ሆነ መግዛት አይገባም። በሻገተ በርበሬና በሻገተ በቆሎ ውስጥ የሚገኘው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ጉበትን ይጐዳል፤ ምግቡም ቢበስል አይጠፋም።

አሁን ወደ ዋናው ጠላት እንመለስ፤ እርሱም ነቀዝ ነው። ገበሬው በኅዳር የሚሸጠው ዕዳ ስላለበት ብቻ አይደለም፤ እስከ ሰኔ ቢያቈየው ነቀዝ እንደሚካፈለው ስለሚያውቅም ነው። በጭቃና በእበት የተለሰነ ጎተራ አይጥን በጥቂቱ ይከለክላል እንጂ ነቀዝን አያግድም። የሐረርጌ ገበሬዎች ማሽላቸውን በጉድጓድ የሚቀብሩበት ልማድ በጥበብ የተመሠረተ ነው፤ አየር ባጠረበት ስፍራ ተባይ አይኖርምና። ጉዳቱ እርጥበት መግባቱ ነው።

ይህንኑ ጥበብ ያለ እርጥበት የሚሠራ ዕቃ ዛሬ በየቤቱ ተጥሎ ይገኛል። የዘይት መያዣ የነበረው ሃያ ሊትር ጀሪካን በሳሙናና በሙቅ ውኃ ታጥቦ፥ ውስጡ ፈጽሞ ደርቆ፥ እህል እስከ አፉ ቢሞላበትና ክዳኑ አየር እንዳያሳልፍ ቢጠብቅ፥ በውስጥ ያለው ነቀዝ ያለውን አየር ጨርሶ ይሞታል። አንዱ ጀሪካን 15 ኪሎ ያህል ስለሚይዝ፥ ለአንድ ሰው የአንድ ወር ስንቅ ነው። ነዳጅ ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ግን ቢታጠብም ለምግብ አይሆንም። ብዙ እህል ላለው ገበሬ፥ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በካሜሩን ከጥራጥሬ ተባይ ጋራ በተደረገው ምርምር የተገኘው ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት በዚሁ ሥርዓት ይሠራል፤ ኩንታሉንም ይችላል። በጀሪካንም ሆነ በከረጢት እህሉ ሳይደርቅ ቢታሸግ ይሻግታል። ለመፈተን ጥቂት እህል ከደረቀ ጨው ጋራ በደረቅ ጠርሙስ ጨምሮ መናጥ ነው፤ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ የተጣበቀ እንደ ሆነ እህሉ ገና ፀሐይ ይፈልጋል።

በዚህ ስፍራ ስለ አንድ አደጋ በብርቱ መናገር ያስፈልጋል። ለነቀዝ መድኃኒት ተብሎ በየሱቁ የሚሸጠው አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለው ክኒን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ይህም ጋዝ ነቀዝን እንደሚገድል ሰውንም ይገድላል። ቤተ ሰብ በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ባለ እህል ላይ ክኒኑን መጣል በልጆች ላይ ሞት መጥራት ነው። እንዲህ ያለው መርዝ ከስኳርና ከሻይ ቅጠል ጐን ተደርድሮ ለማንም መሸጡን ባለሥልጣኖች ዝም ብለው ሊያዩት አይገባም።

ያለ ብዙ ወጪ የሚሰናዳው ሌላው ስንቅ በቤት ልማድ ውስጥ ያለው ነው። ከገበታ የተረፈው እንጀራ ሳይሻግት በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል፤ የተቈላው ገብስ ተፈጭቶ በሶ ይሆናል፤ በሶ ማገዶ በጠፋበት ቀን በውኃ ብቻ ተበጥብጦ ይበላል። በደቡብ ከእንሰት የሚገኘው ቆጮ በጉድጓድ ውስጥ ለወራት፥ አልፎም ለዓመታት ይቈያል። ቋንጣ ለዚህ ወግ አይገባም፤ ሥጋ መግዛት የሚችል ቤት ይህን ምክር አይሻምና።

የቀረው የሹማምንቱ ድርሻ ነው። ነጋዴ ዋጋ ለማናር በመጋዘን የሚሰውረው እህልና ባልቴት በአልጋዋ ሥር በጀሪካን ያኖረችው እህል በአንድ ስም ሊጠሩ አይገባም፤ የገበያ ተቈጣጣሪዎችም ለቤት ቀለብ የሚሆነውን ልክ ለይተው ለሕዝብ ቢያስታውቁ፥ ስንቁን የሚያሰናዳው ሰው እንደ ሌባ አይሸማቀቅም። ከዚህ የሚከብደው ግን የክፍያ ወራት ጕዳይ ነው። በብዙ ስፍራ የመሬት ግብርና የማዳበሪያ ዕዳ የሚጠየቀው እህሉ ገና ከአውድማ ሳይነሣ፥ ገበያው በረከሰበት ሰዓት ነው። ገበሬው ዕዳውን ለመክፈል በርካሽ ይሸጣል፥ በሐምሌም ያንኑ እህል በውድ ይገዛል። የመክፈያው ቀን ቢያንስ ለዕዳው እኩሌታ ወደ ሚያዝያ ቢተላለፍ፥ መንግሥት ከገንዘቡ አንድ ሳንቲም አያጣም። የሚዘገየው አምስት ወር ብቻ ነው፤ በነዚያም አምስት ወራት ውስጥ እህሉ በደረቀ ከረጢት ታሽጎ በገበሬው ቤት ይቀመጣል።